የእትዬ የሻረግ አፍንጫ

ባለፈው ሰሞን ከሥራ ስመለስ፣ እዚህ ሐዋሳ በምኖርበት ኮንዶሚኒየም ደረጃ ላይ የወይራ ጭስ ተቀበለኝ። ሁለተኛ ፎቅ ላይ የምትኖረው ጎረቤቴ የእርጎ ቅሏን እያጠነች ነበር። በሩ ገርበብ ብሏል፤ ቅሉ ፍም ላይ ተደፍቶ ቀጭን ጭስ በአፉ ዙሪያ ይሾልካል። የሽንኩርት ፌስታሌን ሳላስቀምጥ እዚያው ቆሜ ቀረሁ። ጎረቤቴ ጭሱ ያስቸገረኝ መስሏት ይቅርታ ጠየቀችኝ። አላስቸገረኝም። ወደ ልጅነቴ ከተማ ወደ ወረታ ይዞኝ ሄዶ ነው።

ወረታ የገባነው አሥር ዓመት በሞላኝ ዓመት ነው፤ እኔና አባቴ፣ ሁለታችን ብቻ። እናቴ አዳማ ላይ ከሞተች ገና ዓመቷ አልወጣም ነበር። አባቴ የኬሚስትሪ መምህር ነው። ዝውውር ሲጠይቅ ሩቅ ይሁን እንጂ የት እንደሚደርሰው ግድ አልነበረውም፤ የፎገራዋ ወረታ ደረሰችው። ከመናኸሪያው ጀርባ፣ የደብረ ታቦሩ መንገድ ከሚገነጠልበት ብዙ ሳይርቅ፣ አንዲት ጠጅ ጣይ ሴት ግቢ ውስጥ አንድ ክፍል ተከራየን። ሴትዮዋ እትዬ የሻረግ ይባላሉ። ረዥም፣ ቀጭን፣ አንገታቸው ላይ ንቅሳት ያላቸው፣ ባላቸው ከሞቱባቸው የቆዩ፣ ልጅ ያልወለዱ ሴት ነበሩ። በግቢው ጥግ ጌሾ ተክለዋል። ክረምት ሲገባ ከሩዝ ፈጫዮቹ ገለባ በጆንያ እያስመጡ ጭቃው ላይ ስለሚያስደለድሉት፣ ግቢው ከሐምሌ እስከ መስከረም ሲረገጥ ይንሿሿ ነበር።

አባቴ በዚያ ጊዜ ከእኔ ጋር የሚያወራው "በላሽ?" እና "የቤት ሥራሽን ጨረስሽ?" የሚሉትን ብቻ ነው። ማታ ማታ የተማሪ ደብተር እያረመ ሬዲዮ ያዳምጣል፤ ባትሪው ሲደክምና ሬዲዮው ሲያላዝን እንኳ ተነስቶ አይዘጋውም። ትምህርት ቤት ደግሞ ልጆቹ አነጋገሬን እየቀዱ ይስቁብኛል። አንድ ቃል ስናገር አሥር ሆነው ይደግሙታል። ቀስ በቀስ መናገሩን ተውኩት። ሳምንት ሙሉ ከ"አቤት" እና ከ"እሺ" ሌላ ቃል ከአፌ ሳይወጣ የሚያልፍ ጊዜ ነበር፤ ልብ ያለውም ሰው አልነበረም።

የእትዬ የሻረግ ጠጅ ስሙ እስከ ጎረቤት ከተማዋ ሐሙሲት ይሰማ ነበር። ሙያቸው ግን አፍንጫቸው ላይ ነው። ማር ሻጭ ጣሳውን ሲከፍት ሳይቀምሱ "ይኸ የኑግ አበባ አለበት"፣ "ይኸ ደግሞ ባሕር ዛፍ ነው፤ ለጠጅ ይከብዳል" ይላሉ። ስኳር የገባበት ከሆነ ክዳኑን መልሰው ራሳቸው ይገጥሙለታል፤ አይሰድቡትም። ጋን ሲያጥኑ ጀርባቸውን ሰጥተው በርጩማ ላይ ይቀመጡና ጌሾ ይለቅማሉ። ድንገት ተነስተው ጋኑን ከጭሱ ያነሱታል። አባቴ አንድ ቀን ስንት ደቂቃ እንደሚያቆዩት ጠየቃቸው።

"በቃ ሲለኝ ነው መምህር" አሉት።

አባቴ ጠጅ እንዴት እንደሚሆን በራሱ መንገድ ሊያስረዳቸው ሞከረ። ለዓይን የማይታዩ ነፍሳት የማሩን ስኳር እየበሉ ወደ አልኮል እንደሚለውጡት ነገራቸው። በጥሞና ሰሙት። ከዚያ "እኔ ታዲያ ትራፊያቸውን ነው የምሸጠው በሉኛ" ብለው ሳቁ። አባቴም ሳቀ። እናቴ ከሞተች ወዲህ ሲስቅ ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

በሁለተኛው ክረምታችን የርብ ወንዝ ሞልቶ ሜዳው ባሕር ሆነ። ከውኃው የሸሹ ሰዎች ከብቶቻቸውን እየነዱ አስፋልቱ ዳር ሰፈሩ፤ ከተማው በእበትና በእርጥብ ሳር ሽታ ታፈነ። በዚያ ሰሞን እትዬ የሻረግን ክፉ ጉንፋን ያዛቸው። ሁለት ሳምንት ያህል ተኙ። ሲነሱ ከስተዋል እንጂ ሌላ የጎደላቸው ነገር አይታይም ነበር። ጋን አጠቡ፣ አጠኑ፣ ጠጅ ጣሉ።

መስከረም ላይ ያ ጠጅ ለሽያጭ ወጣ። ጠጪዎቹ እንደወትሮው መጥተው አግዳሚው ላይ ተቀመጡ፤ ብርሌ ተቀዳላቸው። ትንሽ ፉት እያሉ ስለ ጎርፉ አወሩ። ከዚያ አንድ በአንድ ተነስተው "እግዜር ይስጥልኝ" እያሉ ወጡ። ብርሌዎቹ ግን ግማሽ ድረስ እንደሞሉ ነበሩ። በማግስቱ የመጡት ያነሱ ነበሩ፤ በሳምንቱ ሁለት ሽማግሌዎች ብቻ ቀሩ፣ እነሱም ቆሎ ሲቆረጥሙ ውለው ይሄዳሉ። ምን እንደሆነ የነገራቸው የለም። ለዓመታት እጃቸውን ያመሰገነ ሰው በይሉኝታ ዝም አለ። እትዬ የሻረግ በራቸው ላይ ተቀምጠው በሰልፍ የተደረደሩትን ግማሽ ብርሌዎች አንድ በአንድ ወደ ብርሃን ከፍ አድርገው ሲያዩ አስታውሳለሁ። ቀለሙ ጥሩ ነው። ዓይናቸው ምንም ነውር አላገኘም።

ከዚያ ጋሼ ፈንታሁን መጡ። በየዓመቱ ለኅዳር ሚካኤል የሚጠጣውን ጠጅ እትዬ የሻረግን የሚያስጠምቀው ማኅበር መሪ ናቸው። ቆመው ስለ ጤናቸው ጠየቁ፤ ስለ ሩዙ አዝመራ አወሩ። ሲወጡ ነው፣ በሩ ጋ ደርሰው፣ "ዘንድሮ ደክመዋል፤ ይረፉ። ለሌላ ሰው ነግረናል" ያሉት። እትዬ የሻረግ እስከ አጥሩ ሸኟቸው። ከተመለሱ በኋላ ያን ቀን ቤታቸው እሳት አልነደደም።

ነገሩ የታወቀው በእኔ ኮንጎ ጫማ ነው። ዝናብ አርሶት ስለነበር እንዲደርቅ ብዬ ከከሰል ምድጃቸው አጠገብ አስቀምጬው ገባሁ። ትንሽ ቆይቶ የፕላስቲክ ቃጠሎ ግቢውን ሞላው። አባቴ ከክፍላችን እየሳለ ወጣ። እትዬ የሻረግ ከምድጃው አንድ ክንድ እንኳ ሳይርቁ፣ ጀርባቸውን ሰጥተው ጌሾ ይለቅማሉ። ጥቁሩ ጭስ በትከሻቸው ላይ ያልፋል። አባቴ ጫማውን በእንጨት አንስቶ ጣለው። ከዚያ ጎንበስ ብሎ አያቸው።

"አይሸትዎትም እንዴ እትዬ?"

ጌሾውን ሰፌዱ ላይ አስቀመጡት። "ከታመምኩ ጀምሮ ነው መምህር" አሉ። "አንቱም ለሰው አይንገሩብኝ።"

አባቴ ያን ማታ ያለወትሮው ሬዲዮውን አልከፈተም። ከለስላሳ መጠጫ ቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ ቆረጠ፤ በታችኛው ጫፉ ጥቂት የሚስማር ቁራጭ አስገብቶ በሻማ ሰም ደፈነው። ውኃ ብርጭቆ ውስጥ ሲያኖረው ቀጥ ብሎ ቆመ። ስኳር በማንኪያ እየጨመረ ባማሰለ ቁጥር ቱቦው ከፍ፣ ከፍ ይል ነበር፤ እሱም በቀይ እስክሪብቶ መስመር ያሰምርበታል። ውኃው ማር ሲበዛበት ይህ ነገር ከፍ ይላል፤ ማሩ እየተበላ ሲሄድ ይሰምጣል። ጠዋት ይዞላቸው ሄዶ አሳያቸው። እትዬ የሻረግ ፊታቸውን አዞሩ። ጠጅ ሲጥሉ የኖሩት በራሳቸው ነው፤ በእስክሪብቶ አይደለም።

በሦስተኛው ቀን ግን፣ ተከራይ ከሆንን ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ የእኛን በር አንኳኩ። በእጃቸው በሰም የታሸገች ጠርሙስ ይዘዋል። ከመታመማቸው በፊት ከጠመቁት የቀረች የመጨረሻዋ ናት፤ ለራሳቸው ተዝካር ያስቀመጧት እንደሆነች በኋላ ነው የሰማሁት።

"ያን ዋናተኛዎን ያምጡት" አሉ አባቴን። "ልኩ ይኸ ነው።"

አባቴ ጠጁን ቀድቶ ቱቦውን አቆመበት፤ ጠጁ የደረሰበት ላይ በጥቁር ቀለም አሰመረ። እትዬ የሻረግ መስመሩን በጥፍራቸው ነካ አድርገው "ደግ" አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዋናተኛው ሥራ ጀመረ። የጋኑን ጭስ አባቴ በእጅ ሰዓቱ ቆጠረ፤ አስቀድሞ በትንንሽ ማድጋ ሦስት ጊዜ ሞክሮ፣ ለየአንዱ ስንት ደቂቃ እንደቆየና ውኃ ቢቀዳበት ምን ያህል ጭስ ጭስ እንደሚል በደብተር ጻፈ።

ማሩ ላይ ሲደርሱ ግን ሥራው ቆመ። የታወቀ ነጋዴ ሁለት ጣሳ አመጣ። እትዬ የሻረግ እንደ ልማዳቸው ክዳኑን ከፍተው ጎንበስ አሉ። ጎንበስ እንዳሉ ቀሩ። በምላሳቸው ቢነኩት ይጣፍጣል፤ ከዚያ ወዲያ ምንም አይነግራቸውም። አባቴን አዩት። አባቴ፣ ለእሱ አፍንጫ ሁለቱም ማር ብቻ ነበሩና፣ ከሁለቱም ጣሳ ማር በውኃ አቅጥኖ ዋናተኛውን አቆመ፤ በሁለቱም እኩል ቆመ። ንጹሕ ስኳር በውኃ በጥብጦም ሞከረ፤ እዚያም ያው ነው።

"ይኸ ጣፋጩን ነው የሚያውቀው እትዬ" አለ፣ እንደማፈር ብሎ። "የንብ ይሁን የፋብሪካ አይለይም።"

ነጋዴው ቆሞ ይጠብቃል። እትዬ የሻረግ ዘወር ብለው ደጃፉ ላይ የቆምኩትን እኔን አዩ። በእጃቸው ጠሩኝና ያቺን የመጨረሻ ጠርሙስ አስሸተቱኝ፤ ከዚያ አንደኛውን ጣሳ።

"ምን ምን ይላል?" አሉኝ።

"ይጣፍጣል" አልኩ።

"ጣፋጭ የምላስ ነው ልጄ። ሽታውን ንገሪኝ።"

ቃል አጣሁ። ነጋዴው ፈገግ አለ፤ የክፍሌ ልጆች የሚስቁብኝ መሰለኝና ላቤ መጣ። እትዬ የሻረግ አላጣደፉኝም። ዓይናቸውን ከአፌ ላይ ሳይነቅሉ ጠበቁኝ። ዓይኔን ጨፍኜ ደጋግሜ አሸተትኩ።

"ጠርሙሱ… ዝናብ የነካው ድርቆሽ ድርቆሽ ይላል። ይኸኛው ግን ምንም አይልም። እንደ ሱቅ ከረሜላ ነው።"

"ሁለተኛውስ?"

ሁለተኛው ጣሳ ሰም ሰም፣ የሜዳ አበባ አበባ ይል ነበር፤ ከሥሩ ደግሞ ቀጭን የጭስ ሽታ አለው። ይህንኑ ተናገርኩ። እትዬ የሻረግ ማሩን በአውራ ጣታቸውና በሌባ ጣታቸው መካከል አሹት፤ ብርሃን ላይ ዘርግተው አዩት። የመጀመሪያውን ጣሳ ክዳን ራሳቸው ገጥመው ለነጋዴው መለሱለት። ሰውዬው ፈገግታውን ትቶ መሬት መሬት አየ። ሁለተኛው ከጣራ ገዳም ተራራ ግርጌ ከሚኖር ንብ አርቢ የገዛው እንደሆነ ነገራቸው።

ጠጁ ተጣለ። አባቴ በየማታው ከትምህርት ቤት እንደተመለሰ ዋናተኛውን ያቆምና ይጽፋል። እትዬ የሻረግ ደግሞ ጆሯቸውን ጋኑ ሆድ ላይ ለጥፈው ያዳምጣሉ፤ በመዳፋቸው ሙቀቱን ይዳስሳሉ። እኔም ልስማ ብዬ ተለጠፍኩ፤ ውስጡ ሩቅ እንዳለ ዝናብ ይንሾካሾካል። የኅዳር ሚካኤል ዋዜማ ዋናተኛው ጥቁሩ መስመር ላይ ደረሰ። አባቴ ደርሷል አለ። ደስ ብሎት ነበር፤ ለበዓሉ ቢቀርብ ማኅበሩ ይጸጸታል ብሎ ያሰበ ይመስለኛል። እትዬ የሻረግ ጆሯቸውን አስጠግተው ብዙ ቆዩ።

"ገና ያወራል መምህር። አይነካም።"

አባቴ ቁጥሩን አሳያቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። በማግስቱ ነጠላቸውን ለብሰው ባዶ እጃቸውን ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄዱ። ታቦቱ ሲወጣ ከሰው ራቅ ብለው፣ ከዋርካው ሥር ቆመው አየኋቸው። ማኅበርተኞቹ ለጠጅ ሲጠሩ እሳቸው ቀድመው ወደ ቤት ተመለሱ። ከሦስት ቀን በኋላ ጋኑ ዝም አለ። አባቴ ዋናተኛውን ቢያቆም ከጥቁሩ መስመር ትንሽ ዝቅ ብሏል፤ የፀጉር ያህል ብቻ። ያችን የፀጉር ስፋት እያየ ቆየና፣ መስመሮቹን ሲያሰምር እስክሪብቶው ወፍሮበት እንደነበር ተናገረ። እትዬ የሻረግ ማጥለያውን ጨርቅ ይያዙልኝ ብለው አንዱን ጫፍ ሰጡት።

ወሬው እንዴት እንደወጣ አላውቅም፤ ምናልባት አንዱ ሽማግሌ ቀምሶ ይሆናል። ጋሼ ፈንታሁን አንድ ከሰዓት በኋላ ብቻቸውን መጥተው ተቀመጡ። ብርሌ ተቀዳላቸው። ጨረሱት። ሁለተኛም ተቀዳ፤ እሱንም ጨረሱት። ከዚያ የእትዬ የሻረግ እጅ እንደተመለሰላቸው በማየታቸው እግዚአብሔርን አመሰገኑ። ነገሩ በዚያ ቢያበቃ ማንም ምንም ባላወቀ። እትዬ የሻረግ ግን ማንቆርቆሪያውን መሬት አስቀምጠው ከፊታቸው ቆሙ።

"አልተመለሰልኝም ጋሼ ፈንታሁን። አፍንጫዬ ሞቷል፤ እህል ከአፈር አልለይም። ያን የመስከረሙን ያበላሸሁት ጭሱ አልሸት ብሎኝ ነው። ይኸን ከመምህሩና ከልጃቸው ጋር ሦስት ሆነን ነው የጠመቅነው። እርስዎ ሰምተው ይወስኑ።"

ጋሼ ፈንታሁን አባቴን አዩ፣ እኔን አዩ። ባዶ ብርሌያቸውን በጣታቸው አዞሩ። "ለማሽተቱ እኛ አለን አይደል" አሉ በመጨረሻ። "ለከርሞው ያው እርስዎ ነዎት።"

ጠጪው ሁሉ አልተመለሰም። ሌላ ቤት የለመደ እዚያው ቀረ። አፍንጫ የሌላት ጠጅ ጣይ እያለ የሚያሾፍም ነበር። የመጡት ግን ብርሌያቸውን ጨርሰው ይሄዱ ነበር።

ያን ቀን ጋሼ ፈንታሁን ከሄዱ በኋላ እትዬ የሻረግ ለራሳቸው አንድ ብርሌ ቀድተው በራቸው ላይ ተቀመጡ። አፍንጫቸው ሥር ያዙት። ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ ገለጡ። እንደገና ጨፈኑ። ከዚያ ወደኔ ዘረጉት። አሽትቼ የደረሰብኝን ያህል ነገርኳቸው፤ የሰሙን፣ የአበባውን፣ መጨረሻ ላይ የምትመጣዋን የጌሾ ምሬት። ሰምተውኝ ሲያበቁ ያን ብርሌ እንደ መድኃኒት በአንድ ትንፋሽ ጠጡት።

ከዚያ በኋላ ከትምህርት ቤት ስመለስ ይጠብቁኝ ጀመር። "ዛሬ ወረታ ምን ምን ይላል?" ይሉኛል። እኔም መንገድ ላይ እየሰበሰብኩ እመጣለሁ፤ የሩዝ ፈጫው ትኩስ ገለባ፣ በጆንያ ውስጥ መበስበስ የጀመረው ሽንኩርት፣ ውኃው የሸሸበት የሜዳ ጭቃ፣ ከብት የጫነ አይሱዙ ካለፈ በኋላ አስፋልቱ ላይ የሚቀረው። መጀመሪያ ሁለት ሦስት ቃል ነበር። ኋላ ኋላ መሽቶ አባቴ እስኪጠራኝ ድረስ አወራለሁ። አባቴም አንዳንዴ በራችን ላይ ቆሞ ሲሰማኝ አየዋለሁ።

አንድ ቀን ከሣጥናቸው የባላቸውን ካፖርት አወጡ። ኮሌታውን ወደ እኔ አስጠጉና ምንም ሳይጠይቁ ጠበቁ። ደጋግሜ አሸተትኩት። ምን መስማት እንደሚፈልጉ ገብቶኛል፤ ልጅ ብሆንም ገብቶኛል። የሰውየውን ሽታ ግን አላውቀውም፤ የነበረ እንደሆነም ጠፍቷል።

"አቧራ ነው የሚለው እትዬ" አልኩ። "አቧራና የብል መድኃኒት።"

ካፖርቱን በጥንቃቄ አጠፉት፤ እጅጌዎቹን ወደ ውስጥ አስገብተው ሣጥኑን ዘጉ። "አለመዋሸትሽ ደግ ነው" አሉኝ። ጉልበታቸውን ይዘው ለመነሳት ብዙ ጊዜ ወሰደባቸው።

በአራተኛው ዓመት አባቴ ወደ አዳማ ዝውውር አገኘ። እትዬ የሻረግ እስከ መናኸሪያው ሸኙን። አቅፈው ሳሙኝ። ለአባቴም አውቶቡሱ ሊነሳ ሲል በመስኮቱ በኩል፣ "ይችን ልጅ መልሰው ዝም እንዳያሰኙብኝ" አሉት። እሱም ራሱን ነቀነቀ። መኪናው ሲንቀሳቀስ ዞር ብዬ አየኋቸው፤ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው፣ በአውቶቡሱ ጭስ መካከል፣ ምንም ሳያስላቸው ቆመው ነበር።

ሐሙሲትን እንዳለፍን አባቴ ፊቱን ከመስኮቱ ሳያዞር፣ "የእናትሽ የፀጉር ቅባት ምን ምን ይል እንደነበር ታስታውሻለሽ?" አለኝ።

አስታውስ ነበር። ሎሚ ሎሚ እንደሚል፣ ትራሷ ላይ ሲያድር ደግሞ ትንሽ የቆየ ቅቤ እንደሚመስል ነገርኩት። እሱ፣ በተጋቡ ሰሞን የምትቀባው ሌላ እንደነበር፣ ሽታውን እንደማይወደው ነግሯት እንደተጣሉ ነገረኝ። ከሞተች ጀምሮ ስሟን ሲያነሳ ሰምቼው አላውቅም ነበር። ባሕር ዳር እስክንገባ አወራን። የአባይ ድልድይ ላይ ስንደርስ እያለቀሰ ነበር፤ ግን ወሬውን አላቋረጠም።

እትዬ የሻረግ መሞታቸውን የሰማሁት ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ነው፤ ቀብራቸው ካለፈ ወር ሆኖት ነበር። ክረምት ላይ ሄድኩ። ቤቱን ዘመዶቻቸው ለመኪና ጎማ ጠጋኝ አከራይተውታል፤ ጋኖቹ ተሸጠዋል፤ ጌሾው ተቆርጧል። ከጎማ ጠጋኙ ጋር ጥቂት ቆሜ ተመለስኩ።

አባቴ አሁን ጡረታ ወጥቶ አዳማ ብቻውን ይኖራል። ማታ ማታ ስደውልለት ስለ ጤናው ሳልጠይቀው እሱ ይጀምራል። የጎረቤቱ ልጅ በር ቀለም ሲቀባ እንደዋለና ቤቱ ሁሉ ቀለም ቀለም እንደሚል ይነግረኛል። እኔም የሐዋሳ ሐይቅ በዝናብ ማግስት ምን ምን እንደሚል እነግረዋለሁ። አንዳችን ቃል ብናጣ ሌላችን ስልኩን ይዘን እንጠብቃለን።